ቃሬዛ የማያሳልፍ ሽንቁር

ሆሳዕና ውስጥ፣ ከገበያው ቁልቁል ወደ ወንዙ የሚወርድ አንድ ሰፈር ነበር። ቀበሌው በቁጥር ይጠራዋል፤ የከተማው ሰው ግን ሽንቁር ሰፈር ነበር የሚለው። ስሙም የወጣለት ለፌዝ ነው።

«እናንተ አጥር የምታጥሩት ለማን ነው?» ይሏቸዋል ገበያ ላይ።

«ለጅብ ነዋ!»

«ጅቡ በሽንቁሩ አያልፍም?»

«የእኛ ሰፈር ጅብ ጨዋ ነው፤ በመንገድ ነው የሚሄደው።»

እንዲህ እያሉ ይስቁ ነበር። አጥሩ በመንገድ በኩል ጥብቅ ነው፤ በጓሮ በኩል ግን በአንዱና በሌላው ግቢ መካከል፣ እንሰቱ ጥላ ውስጥ፣ መዝጊያ የሌለው ክፍት ቦታ ይተዋል። ታች ወንዙ ዳር ካለው ከእታለም ጓሮ የተነሳ ሰው፣ መንገድ ሳይረግጥ፣ ጫማውን ጭቃ ሳይነካው፣ ከጓሮ ጓሮ እየተሻገረ ላይኛው ጫፍ እማማ አሰገደች ደጅ ይወጣል። እግረ መንገዱንም ከሦስት ቤት ሳይቀምስ አያልፍም።

ሽንቁሩን የጀመሩት ሰፈሩን ያቀኑት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ በበቅሎ ጨው ይነግዱ የነበሩት ሐጂ ሙሐመድ ናቸው። ሌላው አናጢው ኤሊያስ ነበሩ፤ በከተማው ከመጀመሪያዎቹ የጴንጤ አማኞች አንዱ። ገና ሁለት ቤት ብቻ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ክረምት፣ የኤሊያስ የበኩር ልጅ ታመመ። እናቱ ጮኸች። ሐጂ ሙሐመድ ጩኸቱን ከአጥሩ ማዶ እየሰሙ በመንገድ ዞረው፣ ጭቃው እየያዛቸው ሲደርሱ ልጁ አልፏል። ከቀብር መልስ ሐጂ መጥረቢያቸውን አነሱና በሁለቱ ጓሮ መካከል የነበረውን አጥር በገዛ እጃቸው ጣሉት። «ሁለተኛ ዞሬ አልመጣም» አሉ። ኤሊያስም ጎረቤታቸው ሲቆርጡ ቆመው አላዩም፤ ቀርከሃውን እየጎተቱ አገዙ።

ከዚያ በኋላ ቤት የሠራ ሁሉ ሽንቁር እየተወ አጠረ። ልኩም ታወቀ፦ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎችን ያለ ችግር ማሳለፍ አለበት። «ቃሬዛ የማያሳልፍ ሽንቁር፣ ሽንቁር አይባልም» ይሉ ነበር ሐጂ። የእድሩን ቃሬዛ የጠረቡት ኤሊያስ ናቸው፤ እስላምም ክርስቲያንም በእሱ ነው የሚሄደው። የሰፈሩ ሟች በደጅ በር አይወጣም። ቤቱ የትም ይሁን፣ በጓሮ በኩል፣ ከሽንቁር ሽንቁር፣ መጀመሪያ እስከ ወንዙ ወርዶ ሽቅብ ይጓዛል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በገዛ እንሰቱ መካከል ቆሞ ይሰናበተዋል። ከእማማ አሰገደች ደጅ ሲወጣ እስላሙ ወደ ቀኝ፣ ክርስቲያኑ ወደ ግራ ይታጠፋል። በሰው አገር የሞተ ከሆነ፣ ሬሳም ባይኖር፣ ጋቢው ቃሬዛው ላይ ተነጥፎ በዚያው መንገድ ያልፋል። ጋቢው ያላለፈለት ሰው አልተቀበረም፤ የእሱ ሰዎችም አላለቀሱም ማለት ነው።

መርዶም በሽንቁር ነው የሚመጣው። መርዶ ነጋሪዎቹ ማለዳ መጥተው ሽንቁሩ ላይ ይቆማሉ። አይናገሩም፤ አይገቡም። የቤቱ ባለቤት አይቶ «እለፉ» ይላል። «እለፉ» እስኪባል ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ከተባለ በኋላ ግን ለቅሶው ወንዝ ማዶ ይሰማል።

እታለም ይህን ሁሉ የተማረችው ከሐጂ ሙሐመድ ምራት ከረሂማ ነው። ከዱራሜ በሙሽርነት መጥታ የኤሊያስን ልጅ አሳምነውን ባገባች በማግስቱ፣ ወደ ጓሮ ብትወጣ አንዲት የማታውቃት ሴት እንሰቱ መሃል ቆማለች። ጮኸች። ሴትዮዋ ሳቋ መጣ።

«ምነው? ሌባ መሰልኩሽ? ሌባ ጎመን ይዞ ይመጣል እንዴ?»

እታለም ያኔ ሀድይኛ አታውቅም፤ ረሂማ ከምባትኛ አታውቅም። በአማርኛ ጀመሩ። ከጊዜ በኋላ እታለም ሀድይኛውን ከረሂማ ጓሮ ለቀመችው። ረሂማም ከምባትኛ ስድቡን ብቻ መርጣ ተማረች፤ ባሏ ሙስጠፋ ሲያበሳጫት በእሱ ትሰድበዋለች፤ እሱ ምን እንደተባለ እየጠየቀ እታለም ዘንድ ይመጣል። እታለም «ጎበዝ ነህ አለችህ» ትለዋለች።

አሳምነው አስተማሪ ነበር፤ ጸሎት ቤት ደግሞ መዘምራኑን ይመራ ነበር። ደርግ ጸሎት ቤቱን ሲያሽገው አማኞቹ በየቤቱ ተደብቀው መጸለይ ጀመሩ። አብዛኛውን ጊዜ በእታለም ቤት ነው። በሽንቁር እየገቡ በሽንቁር ይወጡ ስለነበር ከመንገድ የሚያያቸው አልነበረም። አንድ ቀን ግን አሳምነውን ከሚያስተምርበት ክፍል ጠርተው ወሰዱት። ጠመኔው ጣቶቹ ላይ እንዳለ ነው አሉ።

እታለም ስንቅ አመላለሰች። አንድ ቀን እሷ ትሠራለች፣ አንድ ቀን ረሂማ። ሁለቱም የሚወደውን ቆጮ በአይብ አይረሱም። ወራት እንዲህ አለፉ። ከዕለታት አንድ ቀን የእስር ቤቱ ጠባቂ ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላት።

«ተዛውሯል።»

«ወዴት?»

«ተዛውሯል አልኩሽ እኮ።»

ሳህኑን በጨርቅ እንደተቋጠረ ይዛው ተመለሰች። ረሂማ ሽንቁሩ ላይ ቆማ ጠብቃት ሳህኑን ከእጇ ተቀበለች። ክብደቱ እጇን ሲጎትተው ምግቡ እንዳልተነካ ገባት።

ከዚያ ወዲህ እታለም ያቺን አንዲት ቃል ይዛ ኖረች። የተዛወረ ሰው አልሞተም። መኪና ስፌቷ ላይ ቁጭ ብላ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ቀለም ያለው ቀሚሷን ትለብሳለች፤ ጠጉሯን ትሠራለች። የአሳምነው ጋቢ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ያላወቀችው ነገር ነበር። ሙስጠፋ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከሺንሺቾ ዝንጅብል፣ ከሾኔ በርበሬ እየጫነ አዲስ አበባ ይመላለሳል። አንድ ጊዜ ሲመለስ ከእስር የተፈታ የሾኔ ሰው አሳፈረ። ሰውየው ከአሳምነው ጋር ታስሮ ነበር። ስሙ ተጠርቶ ሲወጣ ያየው እሱ ነው፤ ሲመለስ ያየው የለም፤ ልብሱን ሌላ ሰው ለብሶት አይቷል። ሙስጠፋ ሆሳዕና ገብቶ ለረሂማ ነገራት። ረሂማም ለእማማ አሰገደች። ሦስቱ ቁጭ ብለው መከሩ። ፀረ አብዮት ተብሎ ለተገደለ ሰው ማልቀስ ክልክል ነው፤ ታች ገበያ አጠገብ አንዲት እናት ለልጇ ደረቷን በመምታቷ ታስራለች። «ቀን እስኪያልፍ እንያዘው» ተባባሉ። ረሂማም ያዘችው። በየቀኑ በሽንቁሩ እየመጣች፣ ስለ ጎመኑ ስለ ዶሮው እያወራች፣ ያዘችው።

ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ወጣት ሲታፈስ የሽንቁር ሰፈር ልጆች ከቤት በጓሮ እየወጡ ከሽንቁር ሽንቁር ወንዙ ውስጥ ይሰወራሉ። አፋሾቹ በመንገድ ሲሮጡ ያረፍዳሉ። በዚህ የተነሳ ቀበሌው ሰፈሩን ለስብሰባ ጠራ።

ስብሰባው የተደረገው በታሸገው ጸሎት ቤት ነው፤ አሁን የቀበሌው አዳራሽ ሆኗል። እታለም የተቀመጠችበትን አግዳሚ አማቷ ናቸው የላጉት። ሊቀመንበሩ ዳኘ ከፊት ቆመ። ዳኘ የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው፤ ጉልበቱ ላይ ያለው ጠባሳ ሽንቁር ሲዘል የወደቀበት ነው።

«ሽንቁር የሚባለው ኋላ ቀር ልማድ» አለ፣ «የአብዮቱ ጠላቶች መሹለኪያ ሆኗል። ሁሉም ጓሮ ይታጠር። ሽንቁር የሁለት ጓሮ ስለሆነ፣ ካልተዘጋ የሁለቱም ግቢ ባለቤቶች ይጠየቃሉ።»

እታለም ተነሳች። መነሳቷን ራሷም ያወቀችው ከቆመች በኋላ ነው።

«የኔን ብቻ ተዉልኝ።»

«ለምን ተብሎ እትዬ...» ዳኘ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለምን ተብሎ፣ ጓድ እታለም?»

«ባለቤቴ እስኪመለስ።»

ከኋላ አንድ ሰው «በደጅ በር አይገባም?» አለና ጥቂቶች ሳቁ። ሳቁ ቶሎ ሞተ።

«ሽንቁር የማንንም ባል አይመልስም» አለ ዳኘ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እናትህ በዚሁ አይደል ያለፈችው? በእኔ ጓሮ ቆሜ አልሸኘኋትም?»

ዳኘ ወረቀቱን አየ። «እናቴ የሞተችው በፊውዳሉ ዘመን ነው።»

«ከአብዮቱ ወዲህ መሞት ቀረ እንዴ?» አሉ እማማ አሰገደች፣ ለጎረቤታቸው የሚያንሾካሹኩ መስለው፣ አዳራሹ እንዲሰማ። ዳኘም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ፤ ያደገው እሳቸው ቤት እየበላ ነው።

መዝጋቱ ከላይ ተጀመረ። የመጀመሪያው የእማማ አሰገደች ነበር፤ የቀበሌው ሰዎች ራሳቸው መጥተው አጠሩት። ቀጥሎ የዳኘ አባት ቤት። ቀርከሃ ሲሰነጠቅ፣ ግንድ ሲተከል የሚሰማው ድምፅ ከላይ ወደ ታች፣ ከጓሮ ጓሮ እየወረደ መጣ። ሰዉ ሲያጥር አይነጋገርም። ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ጎረቤታሞች ቃጫውን እየተቀባበሉ ያስራሉ፤ ሲጨርሱ በየፊናቸው ይገባሉ። እታለም ማሽኗን አቁማ ታዳምጥ ነበር። «ለይስሙላ ነው» አለች ለራሷ። «ቃጫ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ይበጠሳል።» በመጨረሻ ድምፁ ረሂማ ጓሮ ላይኛው አጥር ደረሰና ቆመ። ከዚያ በታች የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ የእሷና የረሂማ።

ቀናት አለፉ። ማንም መጥቶ አላስገደዳት። ዳኘ አፈረ ብላ ደስ አላት። አሳምነው ሲመጣ በየት እንደሚገባ ታውቃለች፤ ባይመጣም በየት እንደሚያልፍ ታውቃለች። ይህን ሁለተኛውን ለራሷም ቢሆን እስከ መጨረሻው አታስበውም ነበር፤ እግሯ ግን በየማለዳው ሽንቁሩ ዘንድ ይወስዳትና ያደገውን ሣር ታጭዳለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ረሂማ መጣች። እንደወትሮዋ አልተቀመጠችም።

«እታለም፣ ትንሽ ጨው ካለሽ።»

እታለም ሳቀች። «የሐጂ ሙሐመድ ምራት ጨው ስትበደር! አጥንታቸው ይሰማሻል።»

ረሂማ አልሳቀችም። ያኔ ነው እታለም ቀና ብላ ያየቻት። ፊቷ ከስቷል። ከአጥሩ ማዶ የሙስጠፋ ድምፅ ይሰማል፤ በዚህ ሰዓት፣ በሥራ ቀን።

«ሙስጠፋ አልወጣም?»

«መኪናው ቆሟል።»

«ተበላሸ?»

«የይለፍ ወረቀት ከለከሉት። የቀበሌው ሱቅም...» አቋረጠች። «ይሄ ሁሉ ያልፋል ወላሂ። ጨውም አይደል፣ ተዪው።»

እታለም ሽንቁሩን አየች። የዳኘ ቃል አሁን ነው ጆሮዋ የገባው፦ ሽንቁር የሁለት ጓሮ ነው። እሷ ዘንድ ያልመጡት አፍረው አይደለም። የእሷን ሽንቁር ለማስዘጋት የረሂማን ቤት ነው የያዙት።

«ስንት ጊዜ ሆነው? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?»

«ዝጊ ብለሽ!»

«የኔ አፍ ያንን አይልም» አለች ረሂማ።

እታለም ጓዳ ገብታ ጨው በቅል ሞልታ መጣች፤ ቅሉን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። «ነገ ማለዳ እዘጋዋለሁ። ለዳኘ ንገሩት።»

«ነገ?» ረሂማ ደነገጠች። እፎይ ትላለች ያለች እታለም ግራ ገባት።

«ከነገ ወዲያ ይሁን?»

«አይ... ነገ ይሁን» አለች ረሂማ። ቅሉን ይዛ ሄደች፤ ሽንቁሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ሳትዞር አለፈች።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል እታለም ቃጫዋንና የተሰነጠቀ ቀርከሃ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ጭጋጉ እንሰቱ ላይ ተኝቷል። ሽንቁሩ ዘንድ ስትደርስ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ሙስጠፋ፣ ረሂማ፣ መሃላቸው እማማ አሰገደች በምርኩዝ። ከኋላቸው አማቷ የጠረቡት ቃሬዛ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ባዶውን።

አይናገሩም። አይገቡም።

እታለም የያዘችው ቀርከሃ ከእጇ አልወደቀም። አጥብቃ ያዘችው። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠብቁት። ያቺን ቃል ካለች ታለቅሳለች፤ ጋቢውን ከሳጥን ታወጣለች፤ አሳምነው ያልፋል። ሙስጠፋ አንገቱን ደፍቷል። ረሂማ ስንት ወር የያዘችው ነገር አሁን ጥርሷ ስር ነው። ለቅሶው ከተሰማ ዛሬውኑ እንደሚታሰሩ ሦስቱም ያውቃሉ። አውቀው ነው የመጡት።

እታለም አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ያኔ ዓይኗ እማማ አሰገደች እግር ላይ አረፈ። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ቀይ ጭቃ ነው። በሽንቁር ሲመጡ የኖሩ ሴት፣ እግራቸው ላይ የጓሮ ጤዛ እንጂ የመንገድ ጭቃ አይታ አታውቅም።

«እማማ፣ እግርዎን ምን ነካው?»

«ጭቃ ነው ልጄ።»

«በመንገድ መጡ?»

«በየት ልምጣ?» አሉ አሮጊቷ።

እታለም በሦስቱ መካከል አሻግራ አየች። ከረሂማ እንሰት ኋላ አዲሱ ቀርከሃ ገና አረንጓዴ ነው፤ ከእሱ ወዲያ ሌላ አጥር፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ። ለካ ስትጠብቀው የከረመችው መንገድ የአንድ ጓሮ መንገድ ነበር። ጋቢው ከእሷ ግቢ ይወጣል፣ ረሂማ ግቢ ይገባል፣ እዚያው ይቆማል።

«ከእናንተ ጓሮ ወጥቶስ ወዴት ይሄዳል?» አለች።



«እታለም» አለ ሙስጠፋ፣ ደንቡን ጥሶ። «በይ እንጂ። እኛ ለመጣው ነገር ተዘጋጅተናል። እኔ ልንገርሽ፣ የሾኔው ሰውዬ...»

«ሙስጠፋ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔን ተዛውሯል ነው ያሉኝ።»

«እቴዋ!» አለች ረሂማ።

«ቃሬዛውን ቦታው መልስ። ከዚያ መጥተህ ያንን ጫፍ ያዝልኝ፤ ብቻዬን አልችለውም።»

ሙስጠፋ እማማ አሰገደችን አየ። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁና ምርኩዛቸውን እየተከሉ በመጡበት ዞሩ። ሙስጠፋ ቃሬዛውን ብቻውን አንስቶ፣ ባዶ ቢሆንም እንደ ከባድ ነገር እየተጠነቀቀ፣ ከሚቀመጥበት ከቤታቸው ጣሪያ ክፈፍ ስር መለሰው።

አጥሩን ከወዲህና ከወዲያ ሆነው ሠሩት። ሙስጠፋ ግንዱን ተከለ። እታለም ቀርከሃውን ደረደረች። ረሂማ ቃጫውን በቀዳዳው ታሳልፋለች፣ እታለም ተቀብላ ትስባለች፣ ጠቅልላ ትመልሳለች። እጆቻቸው በየዙሩ ይነካካሉ። አጥሩ ደረት ደረሰ፤ ፊት ደረሰ። የመጨረሻው ክፍተት ላይ የረሂማ ጣቶች የእታለምን ያዙና አልለቅም አሉ። እታለም ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ እጇን ሳበች፤ ቀርከሃ መለሰችበት።

ወደ ቤት ገብታ ማሽኗ ላይ ተቀመጠች። የተጀመረ ዩኒፎርም ነበር፤ ጨረሰችው። ሳጥኑን አልከፈተችም። በዚያው ሳምንት የሙስጠፋ መኪና ወጣ።

ረሂማ እንግዲህ በመንገድ ነው የምትመጣው። ስትመጣ ጫማዋን ደጃፍ ላይ ትጠርጋለች፣ ትቀመጣለች፣ እንደ እንግዳ ትሄዳለች። መምጫዋ ራቀ፤ መምጣቷም እየሳሳ ሄደ። የሌላውም ሰው እንዲሁ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን «ወደ ሰው ቤት አትሂዱ» ማለት ጀመሩ፤ ድሮ በዚያ ሰፈር የሰው ቤት የሚባል አልነበረም።

በክረምቱ እማማ አሰገደች አረፉ። አስከሬናቸው በደጅ በር ወጥቶ በመንገድ እስከ ወንዙ ወርዶ ተመለሰ። ሰዉ ሊሰናበታቸው ወደየበሩ ወጥቶ የት እንደሚቆም አላወቀም፤ አንዳንዱ ደጃፉ ላይ፣ አንዳንዱ ቦዩ ማዶ፣ አንዳንዱ ዝናቡን ሽሽት በረንዳ ስር ቆመ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ዳኘ ነበር። ጭቃው ቢያዳልጠውም ትከሻውን አላወጣም፤ ቀና ብሎም ማንንም አላየ።

እታለም አበባ ያለበት ቀሚሷን ለብሳ ከኋላ ትከተል ነበር። ጥቁር መልበስ አትችልም፤ ለባሏ ያለቀሰች ይመስልባታል። ረሂማ አጠገቧ ትሄዳለች። ከቦኖሻ ለቀብሩ የመጣች የሟች ዘመድ፣ የድሮ ትውውቃቸውን አስታውሳ የእታለምን እጅ ያዘች።

«እታለም! እንደምነሽ? አሳምነው ደህና ነው?»

ረሂማ መሬት መሬቱን አየች።

«ተዛውሯል» አለች እታለም።

«ውይ! ወዴት?»

ቃሬዛው ከፊት ታጥፎ ከዓይን ሊሰወር ነው። እታለም እሱን እያየች እርምጃዋን ጨመረች።

«ተዛውሯል» አለች ደግማ።